ሁለት ቤት ያላቸው የጣና ዓሦች

ጎንደር ከተማ የተቆረቆረችው በሁለት ወንዞች መካከል በሚገኝ ከፍ ያለ መሬት ላይ መሆኑ ይታወቃል። በክረምት ወራት በፒያሳና በአካባቢው የሚጥለው ዝናብ ከፊሉ በስተምዕራብ ወደ ቀሃ፣ ከፊሉ ደግሞ በስተምሥራቅ ወደ አንገረብ ይወርዳል። (ይህ አንገረብ ወደ አትባራ ከሚፈሰው ከታላቁ አንገረብ ጋር ሞክሼ ነው እንጂ አንድ አይደለም።) ሁለቱ ወንዞች ከከተማዋ በስተደቡብ አልፈው ከመገጭ ጋር ይቀላቀላሉ፤ መገጭም የደምቢያን ሜዳ አቋርጦ በሰሜናዊው ዳርቻ በኩል ጣና ሐይቅ ይገባል። ስለዚህ ከፒያሳ አስፋልት ላይ ታጥቦ የሚሄድ አፈር፣ የመኪና ዘይት፣ የሳሙና ውኃና ላስቲክ ሁሉ የመጨረሻ ማረፊያው ጣና ነው ማለት ይቻላል።

ይህን ብዙዎቻችን እናውቀዋለን። ብዙም የማይታወቀው በዚያው ወቅት፣ በዚያው ወንዝ ላይ፣ በተቃራኒው አቅጣጫ የሚደረግ ሌላ ጉዞ መኖሩ ነው። ጎርፉ ወደ ሐይቁ በሚወርድበት በሐምሌና በነሐሴ፣ በዓለም ላይ ከጣና በስተቀር በየትም ስፍራ የማይገኙ ዓሦች ከሐይቁ ወጥተው ወንዙን ሽቅብ ይያያዙታል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማም እነዚህ ዓሦች ከየት እንደመጡ፣ እንዴት እንደሚኖሩና ምን እንደገጠማቸው ለአንባቢያን ማስረዳት ነው።

ባሕር የተባለው ሐይቅ

ስለ ውኃ ውስጥ ብሔራዊ ፓርክ ሲነሳ በቅድሚያ ወደ አእምሮ የሚመጣው በሞቃታማ ባሕሮች ዳርቻ የሚገኘው የኮራል ዐለትና በዙሪያው የሚርመሰመሱት ባለቀለም ዓሦች ናቸው። አገራችን ደግሞ ኤርትራ እ.ኤ.አ. በ1993 ነፃነቷን ካወጀች ወዲህ የባሕር ጠረፍ የላትም። ይሁን እንጂ በጣና ዙሪያ የሚኖረው ሕዝብ ሐይቁን የሚጠራው «ባሕር» ብሎ ነው፤ የባሕር ዳር ከተማ ስምም ለዚህ ምስክር ነው። በሥነ ሕይወት ዓይን ሲታይ አባባሉ ከግነት የሚቆጠር አይደለም። አንድ የኮራል ዳርቻ ለባሕር ሳይንስ ተመራማሪ የሚሰጠውን ዓይነት ትምህርት ጣና ለዝግመተ ለውጥ ተመራማሪ ይሰጣል።

የሰሜን ጎንደር ነዋሪ «የእኛ ብርቅዬ እንስሳ» ሲባል አስቀድሞ የሚያስበው ዋሊያን ነው። የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1978 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ከተመዘገቡት የመጀመሪያዎቹ ስፍራዎች አንዱ ነው። ጣናና ዙሪያው በዩኔስኮ ባዮስፌርነት የተመዘገቡት እ.ኤ.አ. በ2015 ሲሆን፣ የተከለለው ስፋት ወደ 700,000 ሄክታር ይጠጋል። የሚገርመው ግን ዋሊያንም፣ ጭላዳ ዝንጀሮንም፣ ከጣና ዓሦች ጥቂቶቹንም ለመጀመሪያ ጊዜ በሳይንሳዊ ስም የሰየማቸው አንድ ሰው መሆኑ ነው። ይኸውም እ.ኤ.አ. በ1830ዎቹ መጀመሪያ ወደ ጎንደርና ወደ ሰሜን ተራሮች የመጣው ጀርመናዊው ኤድዋርድ ሩፔል ነው። ዋሊያው ከዚያ ወዲህ በቴምብርም በገንዘብም ላይ ሲታተም ዓሦቹ ግን በድስት ውስጥ ቀሩ።

ጣና ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ስፋት ያለው የኢትዮጵያ ትልቁ ሐይቅ ነው። ከባሕር ጠለል በላይ ከፍታው 1,800 ሜትር ገደማ ይደርሳል። ጥልቀቱ ግን ለስፋቱ የሚመጥን አይደለም፤ እጅግ ጥልቅ የሆነው ስፍራ እንኳ ከ14 ሜትር ብዙም አይበልጥም። 1,470 ሜትር ከሚጠልቀው ከታንጋኒካ ሐይቅ ጋር ሲነጻጸር ጣና ሰፊ ገበታ ላይ እንደፈሰሰ ውኃ ነው። ነፋሱ እስከ ወለሉ ድረስ ስለሚያማስለው፣ ወንዞቹም ደለል ስለሚያስገቡበት ውኃው አብዛኛውን ጊዜ ድፍርስ ነው።

ሐይቁ የተፈጠረው የእሳተ ገሞራ ቅላጭ ዐለት በስተደቡብ በኩል የውኃውን መውጫ በመዝጋቱ ነው። ይኸው ዐለት ከባሕር ዳር ወደ 30 ኪሎ ሜትር ዝቅ ብሎ የጢስ ዓባይን ፏፏቴ ፈጥሯል። ወደ 40 ሜትር የሚጠጋ ቁመት ያለውን ይህን ገደል የትኛውም ዓሣ ወደ ላይ ሊወጣው አይችልም። በመሆኑም ናይል ፐርችን የመሳሰሉት በታችኛው የዓባይ ሸለቆ የሚገኙት በርካታ የዓሣ ዝርያዎች ጣና አልደረሱም። ለቀሪው ታሪክ ቁልፉ ይህ ስለሆነ አንባቢ በልቡ ቢይዘው መልካም ነው።

ባዶ የነበሩ የሥራ መደቦች

በጣና ወደ 28 የሚደርሱ የዓሣ ዝርያዎች እንደሚገኙ ይታወቃል። በገበያ የሚታወቁት ቀረሶ (ቲላፒያ)፣ አምባዛና ብዙ ጊዜ ነጭ ዓሣ እየተባለ የሚጠራው ባርበስ ናቸው። ቀረሶና አምባዛ በሌሎች ሐይቆቻችንም አሉ። ባርበስ ግን በሳይንስ ላቤኦባርበስ በሚባለው ወገን ሥር የሚመደቡ 15 የተለያዩ ትልልቅ ዝርያዎችን በአንድ ስም የሚያጠቃልል ነው፤ ከ15ቱም አብዛኞቹ ከጣና ውጭ አይገኙም።

እነዚህ ዓሦች የካርፕ ቤተሰብ ናቸው። የዚህ ቤተሰብ አባላት በመንጋጋቸው ላይ አንድም ጥርስ የላቸውም፤ ያላቸው ጥርስ ጉሮሯቸው ውስጥ ነው። ሆድ ዕቃቸውም አሲድ የሚያመነጭ እውነተኛ ጨጓራ የለውም። እንዲህ ያለ አካል የተሠራው ለስላሳ ነገር ለቃቅሞ በጉሮሮ ጥርስ ፈጭቶ ለመብላት እንጂ አድኖ ለመዋጥ አይደለም። በዚህም የተነሳ ሌላውን ዓሣ አድኖ መብላት በካርፕ ቤተሰብ ውስጥ እጅግ ያልተለመደ ነው። በጣና ግን ከ15ቱ ባርበሶች ስምንቱ ዓሣ በል ናቸው።

ለምን? መልሱ ከፏፏቴው ጋር የተያያዘ ነው። በሌሎች የአፍሪካ ሐይቆች ዓሣ የማደኑን ሥራ የያዙት ለዚህ የተመቸ ጥርስና መንጋጋ ያላቸው ሌሎች የዓሣ ወገኖች ናቸው። ወደ ጣና ግን ሊደርሱ ስላልቻሉ «የሥራ መደቡ» ባዶ ሆኖ ቆየ። በወንዝ ውስጥ የሚኖረው የባርበሶች ቅድመ አያት ሐይቁን ሲወርስ ትንንሽ ዓሦች በብዛት ነበሩ፤ አዳኝ ግን አልነበረም ማለት ይቻላል። ባለ ጥርስ ተወዳዳሪ በሌለበት ስፍራ ጥርስ የሌለውም አዳኝ መሆን ይችላል። በትውልድ ሂደት ከፍ ያለ አፍ፣ ሾጠጥ ያለ ራስ ወይም ረዘም ያለ አካል ያላቸው ግለሰቦች ከዚህ ባዶ ገበታ የበለጠ ተጠቃሚ እየሆኑ ዘራቸውን አበዙ። ሌሎቹ ደግሞ በሌላ አቅጣጫ ሄዱ።

ሳይንሳዊ ስሞቻቸውን በትርጉማቸው ለሚያነብ ሰው ይህ ልዩነት እንደ መልክ መግለጫ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ሜጋስቶማ ማለት «ባለ ትልቅ አፍ» ማለት ነው፤ አኩቲሮስትሪስ «ሹል አፍንጫ»፣ ማክሮፍታልመስ «ባለ ትልቅ ዓይን»፣ ሎንጊሲመስ «እጅግ ረጅም» ማለት ናቸው። አራቱም ዓሣ በል ናቸው። ብሬቪሴፋለስ ወይም «ባለ አጭር ራስ» የተባለው ደግሞ ከሁሉም አነስተኛው ሲሆን፣ በውኃው ውስጥ የሚንሳፈፉትን ዞፕላንክተን የተባሉ ደቃቅ እንስሳት ይመገባል። ነጅያ የተሰኘው ሥጋማና ወፋፍራም ከንፈሮች አሉት፤ ከወለሉ የነፍሳት እጮችን ይለቅማል። ሰርኪስ የውኃ ተክል ይበላል። ጎርጎሬንሲስ የሚባለውም አለ፤ ስሙ እንደሚያመለክተው የጎርጎራ ሰው ልንለው እንችላለን፤ እርሱም ቀንድ አውጣዎችንና ተክሎችን ይመገባል። ጻነንሲስ ደግሞ ስሙን ያገኘው ከሐይቁ ከራሱ ነው።

ከእነዚህ ትልልቅ ባርበሶች ሌላ ከ10 ሴንቲ ሜትር የማይበልጡ ትንንሽ ባርበሶችም አሉ። ከመካከላቸው ጣናፔላጂየስ የተባለው፣ ትርጉሙም «የጣና የሰፊው ውኃ ነዋሪ» ማለት ሲሆን፣ ለሳይንስ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2000 ነው። ኢትዮጵያዊው የዓሣ ተመራማሪ እሸቴ ደጀን ከሆላንዳውያን ባልደረቦቹ ጋር ያጠናው ይህ ዓሣ ዞፕላንክተንን ይበላል፤ እርሱን ደግሞ ዓሣ በል ባርበሶች ይበሉታል። ሆቴል ገብተን የምናዝዘው ትልቅ ዓሣ ሥጋው የተገነባው አብዛኛው ሰው ዓይቶት በማያውቀው በዚህ ጣት በሚያህል ፍጡር ነው።

ይህ ሁሉ ልዩነት ስንት ዘመን ፈጀ? እ.ኤ.አ. በ2007 ሄንሪ ላምብና ባልደረቦቹ ያሳተሙት ጥናት በዚህ ረገድ አስደናቂ ፍንጭ ይሰጣል። ተመራማሪዎቹ የሐይቁን ወለል ሰርስረው ያወጡት የደለል ናሙና እንደሚያሳየው፣ በመጨረሻው የበረዶ ዘመን ማብቂያ ገደማ ጣና ደርቆ ነበር፤ ዳግም የሞላው ከ15,000 ዓመት በፊት አካባቢ ነው። ልዩነቱ በከፊል በወንዞች ውስጥ አስቀድሞ ተጀምሮ ሊሆን ቢችልም፣ ዛሬ የምናየው የሐይቅ ማኅበር ግን በዚህ አጭር ጊዜ የተደራጀ ነው። በሥነ ምድር መለኪያ 15,000 ዓመት የዓይን ጥቅሻ ያህል ነው።

ለፍጥነቱ አንድ ምክንያት ሳይሆን እንዳልቀረ የሚታሰበው የዘር ቅንጣታቸው ነው። እኛ የሰው ልጆች 46 ክሮሞሶም ሲኖረን የጣና ትልልቅ ባርበሶች 150 ገደማ አላቸው። እንደ አብዛኛው እንስሳ ሁለት ሁለት ሳይሆን ስድስት ስድስት እጥፍ የክሮሞሶም ስብስብ ይዘዋል ማለት ነው። አንድ ዘረ መል በብዙ ቅጂ ሲገኝ አንዱ ቅጂ የቀድሞ ሥራውን ሲያከናውን ሌላው ለለውጥ ነፃ ሊሆን ይችላል። ይህ ማስረጃው ገና የተሟላ ሳይሆን እንደ መላ ምት የሚታይ ነው፤ ሆኖም የሚያጓጓ መላ ምት ነው።

አንድ ወይስ አሥራ አምስት?

ዝርያዎቹን ለይቶ ማወቁ ቀላል አልነበረም። ሩፔል ጥቂቶቹን ሰየመ። በጣሊያን ወረራ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1937 የመጣ የጥናት ቡድን የሰበሰባቸውን ዓሦች መሠረት በማድረግ ቢኒ የተባለው ጣሊያናዊ እ.ኤ.አ. በ1940 በርካታ አዳዲስ ስሞችን ጨመረ። እ.ኤ.አ. በ1973 ደግሞ ባኒስተር የተባለ እንግሊዛዊ ሁሉንም ጠቅልሎ «አንድ ተለዋዋጭ ዝርያ ብቻ ናቸው» ሲል ደመደመ። በዚህ አመለካከት ጣና ውስጥ የሚጠፋ ነገር ቢኖር የአንድ ተራ ዓሣ አንዳንድ መልኮች ብቻ ይሆኑ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ሊዮ ናግልከርከና ፈርዲናንድ ሲቢንግ የተባሉ የሆላንድ ዋግኒንገን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ቅርጻቸውን፣ ምግባቸውንና የሚኖሩበትን ስፍራ አንድ በአንድ ከለኩ በኋላ ልዩነቱ የዝርያ ልዩነት መሆኑን አሳዩ። በዚህ ጸሐፊ አስተያየት ይህ የስም ክርክር ብቻ አልነበረም፤ ዝርያ ተብሎ ያልተቆጠረ ነገር ሲጠፋም አይቆጠርምና።

የዳርቻው ነዋሪዎች

ከዓሦቹ ባሻገር ሐይቁ ሌሎች መኖሪያዎችም አሉት፤ እዚህ በአጭሩ ብናልፋቸው አንባቢ እንደማይቀየም ተስፋ እናደርጋለን። በጥልቀት በሌለው ዳርቻ ደንገልና ፊላ ይበቅላሉ። ደንገል የነገደ ወይጦ ማኅበረሰብ ከጥንት ጀምሮ ታንኳ የሚሠሩበት ተክል ሲሆን፣ ለታዳጊ ዓሦች መደበቂያ፣ ለደለል ደግሞ ወንፊት ነው። በፎገራና በደምቢያ ረግረጎች ክሬን የተባሉት ረጅም እግርና አንገት ያላቸው ወፎች ይገኛሉ፤ ከአውሮፓ ክረምት ሸሽተው በሺዎች የሚመጡም አሉ። ጉማሬ፣ አርጃኖና ዓሣ በል ንስር ዛሬም ይታያሉ። በደሴቶቹና በዳርቻው የሚገኙት ገዳማትና አድባራት ደግሞ በሌላው ስፍራ የተመነጠረውን አገር በቀል ዛፍ በቅጥራቸው ጠብቀው አቆይተዋል።

እ.ኤ.አ. በ2003 ከመውጫው ላይ በተሠራው የጨረጨራ መቆጣጠሪያ ግድብ ለኃይል ማመንጫ ብዙ ውኃ በመለቀቁና በዝናብ እጥረት ሳቢያ ሐይቁ እጅግ ከመጉደሉ የተነሳ ለወራት ጀልባዎች መጓዝ አቁመው ነበር። ከውኃው በተጋለጠው መሬት ላይ እርሻ ተስፋፋ፤ የደንገሉ ቀበቶ በብዙ ስፍራ ሳሳ።

ሁለተኛው ቤት

አሁን ወደ መገጭ እንመለስ። ባርበሶች በሐይቁ ውስጥ ያደጉና የተለያዩ ቢሆኑም አባቶቻቸው የወንዝ ዓሦች ነበሩና ብዙዎቹ እንቁላላቸውን የሚጥሉት እስከ ዛሬ በወንዝ ውስጥ ነው። በጉማራ ወንዝ የተደረጉ ጥናቶች ሰባት ዝርያዎች ለመራባት ከሐይቁ ወደ ወንዙ እንደሚወጡ አሳይተዋል። በመገጭ፣ በድርማና በሌሎች ገባር ወንዞችም ተመሳሳይ ጉዞ መኖሩ በኋላ ተረጋግጧል።

ጉዞው እንዲህ ነው። በሐምሌ ዓሦቹ በወንዞቹ አፍ ላይ ይሰበሰባሉ። ጎርፉ ሲበረታ ወደ ላይ ይወጣሉ፤ ነገር ግን ዋናው ወንዝ በደለል የደፈረሰ ስለሆነ እዚያ አይቆሙም። አሥራት ኪሎ ሜትሮችን አልፈው ፈጣንና ጥርት ያለ ውኃ ወዳላቸው፣ ወለላቸው ጠጠር ወደሆነ ትንንሽ ገባር ጅረቶች ይገባሉ። እንቁላሉ በጠጠሩ መካከል ተወሽቆ በላዩ ንጹሕና ኦክስጅን የበዛበት ውኃ ሊያልፍበት ይገባል። ጭቃ ከሸፈነው እንቁላሉ ታፍኖ ይሞታል። ዝርያዎቹ አንዱ ቀደም፣ ሌላው ዘግየት ብለው ስለሚመጡ በአንድ ጅረት ቢገናኙ እንኳ እርስ በርስ ብዙም አይዳቀሉም፤ ልዩነታቸውን ጠብቀው ካቆዩት ምክንያቶች አንዱ ይህ እንደሆነ ይታመናል። እስከ ጥቅምት ድረስ ወላጆቹ ወደ ሐይቁ ይመለሳሉ፤ ጫጩቶቹም ውኃው ሳይጎድል ቀስ በቀስ ይወርዳሉ።

በዓመት አንድ ጊዜ በጠባብ በር የሚያልፍ መንገደኛ ደግሞ በቀላሉ ይጠመዳል። ነገደ ወይጦዎች በደንገል ታንኳ ያሰግሩ በነበረበት ዘመን የሚያዘው ዓሣ ውሱን ነበር። እ.ኤ.አ. በ1986 በሆላንድ በጎ አድራጊዎች ድጋፍ ባለ ሞተር ጀልባዎችና የናይሎን መረቦች ወደ ሐይቁ ገቡ። ዓላማው የሚመሰገን ነበር፤ ብዙ ቤተሰብም እንጀራ በልቶበታል። ችግሩ መረቡ በብዛት የተዘረጋው ዓሦቹ ለመራባት በሚሰበሰቡበት በወንዞች አፍ ላይ መሆኑ ነው። ማርቲን ደ ግራፍና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2004 ባሳተሙት ጥናት መሠረት፣ በ10 ዓመት ጊዜ ውስጥ ወደ ወንዝ የሚወጡት ባርበሶች ብዛት በሦስት አራተኛ ገደማ ቀነሰ።

እዚህ ላይ አንድ ነጥብ በጥሞና መታየት አለበት። ቁጥሩ የቀነሰው በመረብ በሚያዙት ትልልቅ ዓሦች ዘንድ ብቻ አልነበረም፤ ከመረቡ ቀዳዳ የሚያመልጡት ታዳጊዎች ከትልልቆቹም ይበልጥ ቀነሱ። መረቡ የማይዘው ታዳጊ ዓሣ የት ጠፋ? መልሱ አልተወለደም ነው። ትልልቆቹ እንቁላላቸውን ከመጣላቸው በፊት በበሩ ላይ ተይዘዋል። ባርበስ እንደ ቀረሶ ፈጥኖ የሚያድግና የሚራባ ዓሣ አይደለም፤ ዝግ ብሎ ያድጋል፣ ዘግይቶም ለመራባት ይደርሳል። አንድ ክረምት የከሸፈበት ትውልድ በሚቀጥለው ክረምት አይተካም።

በጅረቶቹ ላይ ደግሞ ሌላ ዘዴ አለ። የብርብራ ፍሬ ተወቅጦ ውኃው ውስጥ ሲበተን ዓሦች ወደ ላይ ይንሳፈፋሉ። በፍሬው ውስጥ ያለው ሮቴኖን የተባለ ንጥረ ነገር በስንጥብ በኩል ወደ ደም ገብቶ፣ ሴሎች በማይቶኮንድሪያ ውስጥ በኦክስጅን ኃይል የሚያመነጩበትን ሰንሰለት ይበጥሳል። ውኃው ኦክስጅን ሞልቶት እያለ ዓሣው እንደታነቀ ይሞታል። መረብ ትልቁን ከትንሹ ይለያል፤ ብርብራ ግን ጫጩቱንም፣ ጫጩቱ የሚበላውን የነፍሳት እጭም አይለይም። የፌዴራሉ የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 ወጥቷል፤ የአማራ ክልልም የራሱን ሕግ አውጥቷል። ሕጉን ግን በክረምት ጎርፍ ውስጥ በየጅረቱ ቆሞ የሚያስከብር ሰው ማግኘቱ ሌላ ጉዳይ ነው።

ከላይ የሚመጣው

እስካሁን የተባለው ከሐይቁ ሰዎች ጋር የሚያያዝ ነው። ከእኛ ከላይኞቹ የሚመጣውስ? በጎንደር ዙሪያ ያሉት ተዳፋት መሬቶች ለዘመናት የታረሱ ናቸው። ለከተማዋ የመጠጥ ውኃ የሚያቀርበው የአንገረብ ግድብ በደለል የመሞላት ችግር ለነዋሪው አዲስ ወሬ አይደለም። ግድቡ ያላስቀረው አፈር ወደ መገጭ ይወርዳል፤ ከዚያም እንቁላል ሊያርፍበት የሚገባውን ጠጠር ይሸፍናል። ለግንባታ ሲባል ከወንዞች ውስጥ አሸዋና ጠጠር ሲዛቅ ደግሞ የእንቁላሉ አልጋ ራሱ በገልባጭ መኪና ተጭኖ ይሄዳል።

ከአፈሩ ጋር ናይትሮጅንና ፎስፈረስ ይጓዛሉ፤ ከማሳ ማዳበሪያ፣ ከመጸዳጃ ፍሳሽና ከሳሙና። እምቦጭ በጣና መኖሩ በይፋ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2011፣ መጀመሪያ የታየውም በመገጭ ወንዝ መግቢያ አካባቢ መሆኑ ያለ ምክንያት አይመስልም። ትውልዱ ደቡብ አሜሪካ የሆነው ይህ ተንሳፋፊ አረም በአገራችን ከ1950ዎቹ ማብቂያ ጀምሮ በቆቃና በአዋሽ ይታወቃል። በተመቸው ውኃ ላይ በሁለት ሳምንት ገደማ ራሱን እጥፍ ያደርጋል፤ ፍሬው በጭቃ ውስጥ እስከ 20 ዓመት ሳይሞት ሊቆይ ይችላል። ሐምራዊ አበባው ለዓይን ያማረ ነው። ከሥሩ ያለው ውኃ ግን ብርሃን ስለማያገኝ ዋቅላሚዎች ኦክስጅን ማምረት ያቆማሉ፤ የሞተው ቅጠል ሲበሰብስ ደግሞ የቀረውን ኦክስጅን ይጨርሳል። በሺህ የሚቆጠር ገበሬና ተማሪ በደረቱ ውኃ ውስጥ ገብቶ በእጁ ነቅሏል፤ ማሽኖችም ተሰማርተዋል። ነገር ግን ከላይ የሚመጣው ምግብ ሳይቋረጥ ከታች አረሙን ብቻ ማጨድ፣ ቧንቧው እንደተከፈተ ወለል የመጥረግ ያህል ነው። እምቦጩ የሚከማችበት የወንዝ አፍ ደግሞ ባርበሶች በሐምሌ የሚሰበሰቡበት ያው በር ነው።

ይህ ሁሉ የት ሊያደርስ እንደሚችል ለማየት ወደ ፊሊፒንስ መመልከት ይበቃል። በሚንዳናኦ ደሴት በሚገኘው የላናኦ ሐይቅ እንደ ጣና ሁሉ የካርፕ ቤተሰብ የሆኑ፣ በዚያው ሐይቅ ተለያይተው የበዙ ዓሦች ነበሩ። ከሌላ ስፍራ በገቡ አዳኝ ዓሦች፣ ከመጠን ባለፈና አውዳሚ በሆነ ማስገር ምክንያት አለቁ። ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2020 ባወጣው መግለጫ ከ17ቱ የሐይቁና የመውጫው ብርቅዬ ዝርያዎች 15ቱ ጠፍተዋል፤ ሁለቱም ሳይጠፉ አልቀሩም ተብሏል። ስለዚህ ዛሬ በአንድ ሐይቅ ውስጥ እንዲህ ተከፋፍሎ የሚኖር ትልቅ የካርፕ ቤተሰብ ማኅበር በሕይወት የሚገኘው በጣና ብቻ ነው።

የግድቦቹ ጥያቄ

ቀሪው ጥያቄ ግድብ ነው። በርብ ወንዝ ላይ ግድብ ተሠርቷል፤ ለዓመታት የተጓተተው የመገጭ ግድብም በጎንደር አቅራቢያ የሚገኝ ነው። ሁለቱም ለመስኖና ለመጠጥ ውኃ አስፈላጊ መሆናቸውን የሚክድ የለም፤ የውኃ ጥም ያለበት ከተማ ነዋሪ ከዓሣና ከቧንቧ ምረጥ ሊባል አይገባውም። ቁም ነገሩ ግድቡ እንዴት ይሠራል፣ እንዴትስ ይተዳደራል የሚለው ነው።

በብዙ አገሮች ዓሦች ግድብን እንዲሻገሩ በደረጃ መልክ የተሠራ የውኃ መሰላል ይዘጋጃል። ከ70 ሜትር በላይ ቁመት ላላቸው እንደነዚህ ላሉት ግድቦች ግን ይህ መፍትሔ አዳጋች ነው፤ ወላጁ ቢወጣ እንኳ ጫጩቱ ሲመለስ የረጋ ውኃ ያጋጥመዋል። የተሻለ ተስፋ ያለው ከግድቡ በታች ባሉት ገባር ጅረቶች ነው። ዋናው ወንዝ በሐምሌና በነሐሴ የጎርፍ ምልክት ካላገኘ ዓሦቹ ከሐይቁ ለመነሳት አይነቃቁም፤ ስለዚህ በእነዚህ ወራት ከግድቡ በመጠኑም ቢሆን ውኃ መለቀቅ ይኖርበታል። በጥቅምትና በኅዳር ደግሞ ገበሬው የመስኖ ሞተሩን ጅረት ላይ የሚተክልበት ጊዜ ነው። ውኃው ቀደም ብሎ ከተሳበ፣ ለመውረድ የዘገዩት ጫጩቶች በተቆራረጡ ኩሬዎች ውስጥ ይቀራሉ፤ ኩሬዎቹም በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ይደርቃሉ።